ወረቀት የተወተፈባት ካሴት

«አክስቴ፣ የዳዲን ካሴት እኮ ሰረቅኩት!» አለችኝ የወንድሜ ልጅ ፋና በስልክ፣ ሳቋ ቀድሟት። የቱን ካሴት ብዬ አልጠየቅኩም፤ ወንድሜ አበጋዝ በዚህ ዓለም ላይ ያለው ካሴት አንድ ነው፤ እሱንም አምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንንም ሳያስነካ፣ ራሱም ሳይነካው፣ መሳቢያ ውስጥ ከካልሲዎቹ ስር አስተኝቶታል። ልጅቱ ቀጠለች። ቅዳሜ ሰባ አምስተኛ ልደቱ ነው፤ ፌርፋክስ፣ ሐበሻ ሰፈር፣ ሬስቶራንት ይዘናል፤ ሰማንያ ሰው ኢንቫይት አድርገናል፤ ሶ ኬኩ ሊቆረጥ ሲል፣ ዳዲ በወጣትነቱ ሬዲዮ ላይ የዘፈነው ዘፈን በትልቅ ስፒከር ይለቀቃል። «ራጉኤል ሱቅ ትናንት አድርሼዋለሁ፣ ዛሬ ዲጂታል ያደርግልኛል። ዳዲ ያለቅሳል፣ አይደል?» አለችኝ። «ያለቅሳል የኔ ልጅ» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ስኳር ያለበት ሻዬ ላይ እንደገና ስኳር ጨመርኩ።

ነገሩን ልናገረው፤ ደብቄ ደብቄ የት ደረስኩ። በዚያ ካሴት ላይ የአበጋዝ ዘፈን የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ዛሬ ስድሳ ስድስት ሞላኝ፤ በመሃል ስንት መንግሥት ተቀያየረ፣ ስንት ሰው ሞተ፤ እኔ ግን ይቺን አንዲት ነገር ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላልኩም። ውሸቴን ነው፣ ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። እሳቸውም «ዘፈን ማጥፋት ኃጢአት ነው ወይስ ጽድቅ?» ብለው ጥቂት ካሰቡበት በኋላ፣ ለዝምታዬ ነው ብለው አርባ ስግደት ሰጥተውኛል። ሰገድኩ። አልቀለለኝም።

ዘመኑ ስድሳ አምስት ነው። አበጋዝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ስለ ትምህርቱ ግን አትጠይቁኝ። ፀጉሩን አፍሮ አጎፍሮ፣ ማበጠሪያውን እዚያው ላይ ሰክቶ ይረሳውና ማን ወሰደብኝ ብሎ ቤቱን ያተራምሳል። የቤልቦተም ሱሪው እግር ከመስፋቱ የተነሳ ሲገባና ሲወጣ ግቢውን ይጠርግልን ነበር። ድምፅ ያጠራል ተብሎ በየጠዋቱ ጥሬ እንቁላል ይጠጣል፤ እማማ «እኔ ዶሮዋን የገዛኋት ለቤተሰብ ነው ላንተ ጉሮሮ?» ትለዋለች። ልምምዱን የሚያደርገው ማድ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ነው፤ ጭሱ እንባ ያመጣል፣ ዘፈኑ ደግሞ እንባ ይፈልጋል ባይ ነው። ግጥሙም ዜማውም የራሱ ነው፤ ደብዳቤ ተጽፎላት መልስ ስለማትሰጥ አንዲት ልበ ደንዳና ልጅ። አባባ ከሥራ ሲገባ ከማድ ቤቱ የሚወጣውን ድምፅ ይሰማና ኮፍያውን ሳያወልቅ «ይሄን ልጅ ሐኪም አይቶታል?» ይላል።

እንዲህ እንዲህ እያለ፣ የሬዲዮው የእሁድ ከሰዓት የጀማሪዎች ፕሮግራም ላይ ተመረጠ። በቀጥታ የሚተላለፍ ነው። ያን ቀን እማማ ከየቤቱ ወንበር ለቅማ፣ ሬዲዮኑን አዲስ ዳንቴል አልብሳ፣ ሰፈርተኛውን ሁሉ ሳሎናችን ውስጥ አጨቀችው። አባባ ሳይቀር ከረባት አስሮ፣ አላፊ አግዳሚ መስሎ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው መብራት ጠፋ! ሃያ ሰባት ሰው ጭጭ ካለ ሬዲዮ ጋር ተፋጠጠ። እማማ «ኧረ አንዱ ሮጥ ብሎ፣ መብራቱ እስኪመጣ ትንሽ ቆይ ይበለው!» አለች። የሰማው ሌላ ሰፈር የሚኖረው ጓደኛው ዮፍታሄ ብቻ ነው፤ እሱ በባትሪ የሚሠራ፣ ሬዲዮ ያለው ቴፕ ስለነበረው በካሴት ቀዳለት። ካሴቱ እኛ ቤት ሲመጣ፣ ጀርባው ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ተሰብረዋል፤ እነሱ ከተሰበሩ ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይቻልም። አበጋዝ «አንድ ኮፒ ናት፤ ቴፕ ይበላታል፤ ማንም እንዳይነካት!» ብሎ ሻንጣው ውስጥ ከተታት። ሰፈሩም ከዚያን ቀን ጀምሮ ባልሰማው ዘፈን ያከብረው ገባ። ሰርግ ላይ እስቲ ዝፈንልን ሲሉት «የኔ ካሴት ላይ ነው» ብሎ ወጡን ይበላል።

የኔ በሽታ ደግሞ ሌላ ነበር፤ የዘፈን ምርጫ አስተዋዋቂ መሆን። በዓል በመጣ ቁጥር ሬዲዮው አንድ ዘፈን ሊያሰማ መቶ ስም ይጠራል፤ ከእገሌ ለእናቱ ለወይዘሮ እገሊት፣ ለአክስቶቹ፣ ለአጎቱ ልጆች፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ለሚገኙ ዘመዶቹ በሙሉ። ስሙ የተዘለለ አጎት ዓመቱን ሙሉ ያኮርፋል፤ ከታናሽ ወንድሙ ኋላ የተጠራማ አስታራቂ ሽማግሌ ያስፈልገዋል። እኔ ጭልፋ እንደ ማይክ ይዤ ለዶሮዎቹ ሳይቀር ዘፈን ስመርጥ ነበር የምውለው። አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን ጋሽ ሀይሉ ለለቅሶ ሲሄድ፣ ሌባ እንዳይገባበት ብሎ ቴፑን እኛ ቤት አስቀመጠ። ቴፕ ተገኘ፤ ካሴት የለም። ከአበጋዝ ካሴት ጀርባ ባዶው ላይ ትንሽ ብቀዳ ማን ያውቃል አልኩ። የተሰበረ ጥርስ መላው ቀላል ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከደብተር ወረቀት ቀደድ አድርጎ፣ አላምጦ፣ ቀዳዳውን መወተፍ ነው። ወተፍኩ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስሜን እየቀያየርኩ፣ ድምፄን እያወፈርኩ ቀዳሁ። ስጨርስ ገልብጬ ብሰማው ሌላው ፊት ባዶ ነው። የሬዲዮው ፊት ላይ ነበር የቀዳሁት። ካሴቷን አውጥቼ ሻንጣው ውስጥ መለስኳት፤ ከድንጋጤዬ ብዛት ወረቀቱን ማውጣት እንኳ ረሳሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ።

ቢሆንስ፣ የልጅነት ነገር ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። አባባ ሲሞት ያስተማረኝ አበጋዝ ነው። አሜሪካ ያመጣኝ እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ዳውንታውን ቢሮ ሠርቶ ጡረታ ወጣ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሚስቱ አረፈችና ሚራክል ማይል ያለው አፓርትመንቱ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ስሄድ ተቀምጠን የምንባባለው ነገር የለንም። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ ይሄዳል፤ ምሳ በላሽ ይለኛል፤ በላሁ እለዋለሁ። ሰው ሲመጣና ያ የሬዲዮ ቀን ሲነሳ ብቻ ነው የሚነቃው፤ ከሶፋው ብድግ ብሎ፣ እጁን እያወዛወዘ፣ የሬዲዮው የሙዚቃ ባንድ እንዴት እንደጀመረለት ያወራል። ያችኑ አንዲት ነገር ነው ያጠፋሁበት። ቅዳሜ ሰማንያ ሰው ፊት፣ ኬኩ አጠገብ ቆሞ ዘፈኑን ሲጠብቅ፣ እኔ በጭልፋ ድምፄ ለዶሮ ዘፈን ስመርጥ ሊሰማ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ነጠላዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ከምኖርበት ከዌስትቼስተር እስከ ፌርፋክስ በኡበር ሠላሳ አንድ ዶላር። ሃያ ሰባት ዓመት ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጠፈ ሰው ሠላሳ አንድ ዶላር መኪና ላይ አይጥልም፤ ዛሬ ግን ቦርሳዬን እንደ ሕፃን አቅፌ፣ ሹፌሩን «ማነህ፣ አሁን መብራቱ ቢጫ ነበር እኮ፣ ታልፍ ነበር» እያልኩ ሄድኩ። ሰውየው አርመናዊ ነው መሰለኝ፤ አማርኛዬን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ራጉኤል ሱቁን ከከፈተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ካሴት ነበር የሚሸጠው፤ ካሴት ሲሞት ሲዲ፤ ሲዲ ሲሞት በርበሬ። አሁን በርበሬው፣ ሽሮው፣ የስልክ ቻርጀሩና የሕፃን የሐበሻ ልብሱ አንድ ላይ ተከምሮ፣ ደንበኛ ቀሚስ ሲለካ ያስነጥሰዋል። ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ግን አሮጌ ቴፑን እስከ ዛሬ ወልውሎ ያስቀምጣል፤ የሰው ካሴት ወደ ስልክ እየገለበጠ ለአንዱ ሃያ አምስት ዶላር ቻርጅ ያደርጋል።

«እንደምን አደሩ እትዬ ሮማነወርቅ» አለኝ ብድግ ብሎ። ካሴቷ ከበርበሬ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጣለች፤ በሩቁ አወቅኳት። ፋና ሐሳቧን ቀይራለች፣ መልስ ብላኛለች ብዬ ውሸት ጀመርኩ። ራጉኤል ደግሞ እንደ ስሙ መልአክ ነው፤ ልቡ አይንቀሳቀስም። ልጅቱ በአደራ የሰጠችኝን ለሌላ አልሰጥም፣ ትደውልልኝ አለ። እደውላለሁ ስል፣ ካሴቷን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋት። «እስቲ ይዩልኝማ፣ እዚህ ጋ ወረቀት ተወትፎባታል! ይሄ ማለት እኮ ከተቆለፈች በኋላ ሌላ ነገር ተቀድቶባታል። ማን ይሆን እንዲህ ዓይነት ጉድ የሠራው?» አለ። ፊቴ ጋለ። «አይጥ ይሆናል» አልኩ። ወዲያው አፌን በነጠላ ያዝኩ።

ይሄን ጊዜ በሩ ተበርግዶ አበጋዝ ገባ። ወንድሜ ሲወጣ ኮት የማይረሳ ሰው ነበር፤ ዛሬ በቤት ሹራብ፣ አንድ እግሩ ጥቁር ካልሲ አንድ እግሩ ሰማያዊ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ ነው። «ራጉኤል! ካሴቴን!» አለ ቁና ቁና እየተነፈሰ። ከዚያ አየኝ። «አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«በርበሬ ልገዛ።»

«ከዌስትቼስተር? በጠዋት?»

ራጉኤል በሁለታችን መሃል ካሴቷን ደረቱ ላይ እንደለጠፈ ቆሟል። ጋሼ አበጋዝ፣ ሰርፕራይዝ ነበር፣ ተበላሸ ማለት ነው፣ በሉ እንግዲያው አብረን እንስማት፣ ገመዷን ላምጣ ብሎ ወደ ጓዳው ገባ፤ ካሴቷንም ይዟት ገባ! ወንድሜ ሊከተለው ሲል ክንዱን ያዝኩት። በልቤ በቃ አልኩ። ከዶሮ ምርጫው ከሚሰማው ከኔ አፍ ይስማው። ጎትቼ አስወጣሁትና የአውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩት። መኪናው ይርመሰመሳል፤ ማዶ አንዱ ሬስቶራንት ወንበር እያወጣ ይደረድራል። ወንድሜ ዓይኑ ሱቁ በር ላይ ነው።

«ጋሼ» አልኩት። «ካሴቱ ላይ ዘፈንህ የለም። ልጅ ሆኜ፣ ጋሽ ሀይሉ ቴፑን እኛ ቤት ያስቀመጠ ጊዜ፣ በላዩ ላይ ቀድቼ አጥፍቼዋለሁ። ከፈለግክ ግደለኝ።»

አንድ አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፍቶ ጠበቀን፤ ማናችንም ስላልተነሳን ዘግቶ ሄደ። ወንድሜ ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ።

«ሬዲዮው ያለበትን ፊት?»

«አዎ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ለፍልፌበታለሁ።»

«መጨረሻው ላይ እንኳ ትንሽ አልተረፈም? በደንብ አስቢ።»

«ምንም። አንዲት ቃል እንኳ።»

«በአባባ አፅም ማይልኝ።»

«በአባባ አፅም!» ብዬ እንባዬ ዱብ አለ።

ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። «እፎይይይ!» አለ፣ ሳንባው ውስጥ የነበረው አየር ሁሉ እስኪወጣ። «ተመስገን አምላኬ! ተመስገን! አንቺ ልጅ፣ ዕድሜ ይስጥሽ!» ብሎ ጭንቅላቴን ይዞ ግንባሬን ሳመኝ። ያበደ መሰለኝ። እጁን ጉልበቱ ላይ እየመታ ይስቃል፣ ይስቃል፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። በስንት ልምምጥ ነው ነገሩን ያወጣው። ያን እሁድ፣ ለዕለቱ ብሎ አራት እንቁላል ጠጥቶ ነበር የሄደው። አንደኛውን ቤት በደህና ዘፈነ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግጥሙ ከጭንቅላቱ ብን ብሎ ጠፋ። አንደኛውን ደገመው። ባንዱ በትዕግሥት ዞሮ መጣለት፤ አሁንም አንደኛውን ሠለሰው። ከዚያ እንቁላሉ ተነሳበትና ማይኩ ላይ አገሳ፤ አግስቶም በቀጥታ ስርጭት፣ ለመላው ኢትዮጵያ፣ «ይቅርታ፣ እንደገና ልጀምር?» አለ። አስተዋዋቂው «ጀማሪዎችን ማበረታታት የሁላችንም ግዴታ ነው» ብሎ ማስታወቂያ አስገባ።

«ዮፍታሄ ቤት ካሴቱን ስሰማው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። «ቤት ስመጣ ግን እማማ በር ላይ በእልልታ ተቀበለችኝ። መብራት ጠፍቶባችሁ ነበር! አልሰማችሁም! በማግስቱ ጊዮርጊስ ሄጄ ለመብራቱ መጥፋት ጧፍ አበራሁ።»

«ታዲያ ካሴቱን ለምን አልጣልከውም?»

«ሰው የታለ ሲለኝ የማሳየው ነገር ያስፈልገኝ ነበራ! አጥፍቼ ሌላ እንዳልቀዳበት ዮፍታሄ ታሪክ ነው ብሎ ጥርሱን ሰብሮታል። ወረቀት መወተፍ አይታወቀኝ። ዛሬ ካልሲ ላወጣ መሳቢያውን ስከፍት ካሴቱ የለም፤ ለፋና ብደውል፣ ራጉኤል ጋ ነው አለችኝ። እንዴት እንደመጣሁ እኔ አላውቅም።»

እኔ ደግሞ ተናደድኩ። አምሳ ሦስት ዓመት! ለዚህ ግሳት ነው አርባ ስግደት የሰገድኩት? ለዚህ ነው እሁድ እሁድ ዓይኑን ማየት እያቃተኝ ቴሌቪዥን ስመለከት የኖርኩት? ቦርሳዬን አንስቼ ትከሻውን ዠለጥኩት። «አንተ ውሸታም! ጉልበቴ እኮ እስከ ዛሬ ያመኛል!» አልኩት። እሱ የባሰ ሳቀ፤ እኔም ልቆጣ አስቤ ሳቁ አሸነፈኝ። ስንስቅ አንዲት ፈረንጅ ውሻዋን ይዛ ስታልፍ ፈገግ አለችልን። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የኖረ ድንጋይ ተነስቶ ሄደ፤ ቀለለኝ፣ እግዜር ያውቃል ቀለለኝ።

«ጋሼ አበጋዝ! ኑ ግቡ፣ ጀመረች!» አለ ራጉኤል ከበሩ ላይ። ስንገባ ቴፑ ይንሾካሾካል፤ ከውስጡም አንዲት አፍንጫዋ የተደፈነ የመሰለች ልጅ ትናገራለች። «ጤና ይስጥልን የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ቀጣዩን ዘፈን የመረጡት ወይዘሪት ሮማነወርቅ ሲሆኑ፣ ለእናታቸው፣ ለአባታቸው፣ በለቅሶ ላይ ለሚገኙት ለጋሽ ሀይሉ፣ ለጋሽ ሀይሉ ውሻ…» ራጉኤል አፉን ከፍቶ ቀረ። ወንድሜም የቆየበትን ማስመሰል ጀመረ። እጁን በራሱ ላይ ጭኖ «ዘፈኔስ? ዘፈኔ የታል? ሮማነወርቅ፣ ምን አደረግሽኝ! አንድ ኮፒ ነበረች፣ ታሪክ አጠፋሽ!» ብሎ ሱቁን አናጋው። ምን ድምፅ! ያን እሁድ እንዲህ ቢለቀው ኖሮ የት በደረሰ። ራጉኤል «ኧረ እትዬ ሮማነወርቅ! ኧረ ምነው!» እያለ በሐዘኔታ አየኝ። እኔ ሁሉንም ማውጣት እችላለሁ፤ እንቁላሉን፣ ግሳቱን፣ ሁሉንም። አንገቴን ደፍቼ «የልጅነት ነገር ነው» አልኩ።

የስም ዝርዝሩ አለቀ። ልጅቷ እህ እህ አለች። «…እንዲሁም በሬዲዮ ዘፍነው ላኮሩን፣ እኛ ግን መብራት ጠፍቶብን ላልሰማናቸው ለታላቅ ወንድማቸው ለአቶ አበጋዝ። ዘፈኑ የራሳቸው ነው» አለችና፣ ዘፈን የምታመጣበት ስለሌላት ራሷ መዝፈን ጀመረች። ይሄን ፈጽሞ ረስቼው ነበር። ከማድ ቤቱ ግድግዳ ማዶ ሆኜ የሰማሁትን፣ በየጠዋቱ የሰማሁትን፣ አንድ ሳላስቀር በቀጭን ድምፄ እዘፍነዋለሁ። አንደኛው ቤት አለፈ። ወንድሜ እጁ ራሱ ላይ እንደሆነ ወደ ቴፑ ጠጋ አለ። ሁለተኛው ገባ፦

ደብዳቤ ብልክም መልስሽ ዘገየ፤
ፖስታ ቤቱ እንኳ አዘነ እያየ።

አበጋዝ እጁን ከራሱ ላይ ቀስ ብሎ አወረደ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ፖስታ ቤቱ» አለ ለራሱ። «እንዲህ ነበር ለካ! ፖስታ ቤቱ እንኳ…» በርበሬ ከረጢቱ ላይ ተቀመጠና እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ሦስተኛውንም ቤት፣ አራተኛውንም። ራጉኤል ሊያጠፋው ሲል እጁን ያዘው። «መልሰው» አለው። ሁለት ጊዜ አስመለሰው። በሁለተኛው ላይ እሱም አብሮ ዘፈነ፤ ቃል አልተሳሳተም።

ሲያልቅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ራጉኤል፣ ቅዳሜ የምትጫወተው ይቺ ናት። ለፋና እንደዚያ በላት» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ ፊቱን ሊያኮሳትር እየሞከረ «አንቺ ግን፣ የኔን ድምፅ ማጥፋትሽን ቅዳሜ ለሰው ሁሉ ነው የምናገረው» አለኝ።

«ተናገር ጋሼ» አልኩት። «ጮክ ብለህ ተናገር።»